በሞላ የሚሠራ የእጅ ሰዓት፦ የደቂቃ ቆጣሪውን ጭረቱ ላይ በትክክል ማሳረፍ

የሰከንድ ቆጣሪው 12 ላይ ደርሷል፤ የደቂቃ ቆጣሪው ግን ሁለት ጭረቶች መሃል ቆሟል። 3 ሰዓት ከ42 ነው ወይስ ከ43? ሁለቱ ቆጣሪዎች እርስ በርስ ካልተስማሙ መልስ የለም። በሞላ የሚሠራ የእጅ ሰዓት ያለው ሰው «ይቀድማል» ወይም «ወደ ኋላ ይቀራል» ብሎ ወደ ሰዓት ሠሪ ከመሄዱ በፊት ይህን ቢያይ ገንዘቡ ይተርፈዋል። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ሲስተካከል ነው የተበላሸው።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደቂቃ የምትፈለግበት ጊዜ ብዙ ነው። ንጋት ላይ ከመናኸሪያ የሚነሳ መኪና፣ የፋብሪካ ሽፍት፣ በረመዳን አፍጥር፤ ሁሉም በደቂቃ ይቆጠራሉ። እግረ መንገዱን፣ ለአዲስ አበባ የተዘጋጀ የሶላት ሰሌዳ ደሴ ላይ እንዳለ አይሠራም። ደሴ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ያለች ስለሆነች ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትደርስላት ከአዲስ አበባ 3 ደቂቃ ተኩል ያህል ቀድማ ነው። ይህ የሰዓቱ ጥፋት አይደለምና ቆጣሪ በማንቀሳቀስ አይታረምም።

መጀመሪያ የያዙትን ሰዓት ይወቁ

ሦስት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ በጎኑ ያለችውን መሙያ ሳይጎትቱ ወደፊት ሲያዞሯት ሞላው ሲጠነክር ይሰማል? ሁለተኛ፣ መሙያዋን እስከ መጨረሻው ሲጎትቷት የሰከንድ ቆጣሪው ይቆማል ወይስ መሮጡን ይቀጥላል? ሦስተኛ፣ ቀን የሚያሳይ መስኮት አለው? ቀን የሌለው ሰዓት መሙያው ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ይወጣል፤ ቀን ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ለቀን፣ ሁለተኛው ለቆጣሪዎቹ ነው።

ለምሳሌ በእጅ ላይ ብዙ የሚታየው ሲኮ 5 በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። ውስጡ 7ኤስ26 የተባለው ማሽን ያለበት የቀድሞው በመሙያ አይሞላም፣ ሰከንዱም አይቆምም፤ የሚሞላው በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። 4አር36 ያለበት አዲሱ ደግሞ በመሙያም ይሞላል፣ ሰከንዱም ይቆማል። ሁለቱም በሰከንድ 6 ጊዜ ይመታሉ፤ ሙሉ ሲሆኑ 40 ሰዓት ገደማ ይሄዳሉ። የድሮዎቹ በእጅ የሚሞሉ የሩሲያ ሰዓቶች፣ እነ ቮስቶክ፣ አብዛኞቹ ሰከንድ አያቆሙም።

ሞልቶ ማስተካከል

ባዶ ሊሆን በተቃረበ ሞላ ላይ ደቂቃ ማስተካከል ድካም ነው። ሞላው ሲደክም የማሽኑ አካሄድ ይለወጣል፤ ዛሬ ያሳረፉት ደቂቃ ነገ ቦታው ላይ አይገኝም። በእጅ የሚሞላውን እስኪገታዎት ድረስ ቀስ ብለው ይሙሉት፤ እንደ ማሽኑ ከ20 እስከ 40 ዙር ይፈጃል፤ ሲገታ እዚያው ያቁሙ። በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ ሆኖ በመሙያም የሚቀበለውን 25 ወይም 30 ዙር ይስጡት። 7ኤስ26ን ግን ሰዓቱን ጠፍጣፋ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያወዛውዙትና ከዚያ አስረውት ጥቂት ሰዓት ይንቀሳቀሱ። እንደ ሽሮፕ ጠርሙስ መናጥ አያስፈልግም።

መሙያው በጥርስ የሚጠብቅ (ለውሃ የተሠራ) ከሆነ ከመጎተት በፊት ወደ ግራ እያዞሩ ይፍቱት። ሲጎትቱ በአንድ ጥፍር ከጎን አይፈልቅቁት፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጥፍር ከሁለት በኩል ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት። በመሙያው ውስጥ ያለው ዘንግ ከመርፌ ብዙም አይወፍርም፤ በጎን የተሳበ ዘንግ ይጎብጣል።

ከየት ሰዓት ይወስዳሉ?

ስልክ ይበቃል፤ ግን ቀንና ሰዓቱን ከኔትወርክ በራሱ እንዲወስድ መደረጉን ያረጋግጡ። ከላይ በጠርዙ የሚታየው ሰዓት ሰከንድ ስለማያሳይ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ስልኩ ውስጥ ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት ይክፈቱ፤ ወይም ኢንተርኔት ካለ ታይም ዶት ኢዝ የተባለውን ገጽ ይክፈቱ፤ ስልኩ ከትክክለኛው ሰዓት ስንት ሰከንድ እንደተሳሳተም ይነግርዎታል። በሳተላይት የሚመጣ የቴሌቪዥን ሰዓት አይመኑ፤ ምልክቱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ በመሣሪያው ውስጥ ተፈትቶ እስኪታይ ድረስ ይዘገያል። በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ቢቢሲ የሚያዳምጥ ካለ፣ በየሰዓቱ መባቻ የሚሰሙት ስድስቱ ድምፆች መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አዲሱ ሰዓት የሚገባው ረዘም ያለው የመጨረሻው ድምፅ ሲጀምር ነው።

ቀኑ አስቀድሞ

ቀን ያለው ሰዓት ላይ የደቂቃ ቆጣሪውን ከመንካት በፊት የቀኑ ጉዳይ ያልቅ። በእኛ አቆጣጠር ለሚያስር ሰው ደግሞ እዚህ ላይ የፋብሪካው መመሪያ ወረቀት የማይነግረው ነገር አለ።

ማሽኑ ቀን የሚለውጠው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው፤ ግን በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ። በአበሻ ሰዓት ካሰሩት ይህ ንጋት 12 ሊሆን ይችላል፣ ወይም ምሽት 12። ንጋት ላይ እንዲለውጥ ማድረግ ይሻላል። ቆጣሪዎቹን ወደፊት እያዞሩ ቀኑ ዘሎ ሲለወጥ ይያዙት፤ ያ ንጋት 12 ነው ብለው ይጀምሩ። አሁን ከሰዓት በኋላ 9 ከሆነ ወደ 9 ይሂዱ። አሁን ከምሽቱ 2 ከሆነ 12ን አንድ ጊዜ አልፈው (በዚህኛው ቀኑ አይለወጥም) ወደ 2 ይድረሱ።

ቀን የሚለውጠው ጥርስ ከ12 በፊትና በኋላ ለሦስት ሦስት ሰዓት ያህል ከቀን ቀለበቱ ጋር ተያይዞ ይቆያል። ስለዚህ ንጋት ላይ በሚለውጥ ሰዓት ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ባለው ጊዜ ውስጥ በመሙያው ቀን አይለውጡ፤ ጥርሱ ሊሰበር ይችላል። በፈረንጅ ሰዓት ላሰረ ሰው አደገኛው ጊዜ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ነው። የመጨረሻው ዘዴ ቀላል ነው፦ ቆጣሪዎቹን ቀን 6 ሰዓት አካባቢ አምጥተው ቀኑን ይለውጡ፤ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ሰዓት ይሂዱ።

ቀለበቱ ላይ የተጻፈው እስከ 31 ነው፤ ወራችን ግን 30 ነው። በየወሩ 1 ቀን 31ን አንድ ጊዜ መዝለል ግድ ነው። ጳጉሜን 5 ሆኖ ካለቀ መስከረም 1 ንጋት ሰዓቱ 6 ያሳያል፤ 1 ላይ ለመድረስ 26 ጊዜ መለወጥ ነው። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት 25 ይበቃል።

ደቂቃዋን ማሳረፍ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሰከንድ በሚያቆም ሰዓት እንጀምር።

የሰከንድ ቆጣሪው ወደ 12 ሲቃረብ ጣትዎን መሙያው ላይ ያዘጋጁ፤ ልክ 12 ላይ ሲያርፍ መሙያውን እስከ መጨረሻው ይጎትቱ። አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ካለፈ ይመልሱና በሚቀጥለው ዙር ይሞክሩ። እዚህ ላይ «ምንም አይደለም» ካሉ ቀሪው ሁሉ ይዛባል።

አሁን ከስልኩ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ የሚቀድም ደቂቃ ይምረጡ። ስልኩ 3 ሰዓት ከ38 ካለ፣ 3 ሰዓት ከ42ን ይያዙ። ሳይቻኮሉ የሚያሳርፉበት ጊዜ ያገኛሉ።

የቆጣሪውን ጫፍ ጭረቱ ላይ ሲያመጡ ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በአንድ ዓይን ቀጥ ብለው ከላይ ይዩት። ይህ ለወግ የተጻፈ አይደለም። ከመሃሉ እስከ ጫፉ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ቆጣሪ በአንድ ደቂቃ የሚሄደው 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ቆጣሪው ከሰዓቱ ፊት 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠና እርስዎ 30 ዲግሪ አዘንብለው ካዩት፣ ዓይንዎ ከ20 ሰከንድ በላይ ያሳስተዎታል። ፊቱ የሚያንጸባርቅ ከሆነ የቆጣሪው ምስል ከራሱ ከቆጣሪው ሥር እስኪሸፈን ድረስ ራስዎን ያንቀሳቅሱ፤ ሲሸፈን ቀጥ ብለዋል። አጉሊ መነጽር ያለው ሰው አንድ አራተኛ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 10 ሰከንድ ያህል ስሕተት ይለያል።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። መሙያው ሲዞር ቆጣሪውን በቀጥታ አይነካውም፤ ትንንሽ ጥርሳማ ጎማዎች መሃል ገብተው ያስተላልፉለታል። ጥርስ ከጥርስ ጋር በነፃነት እንዲዞር መሃላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት አለ። ቆጣሪውን ወደፊት ገፍተው ሲለቁት፣ ጥርሱ በክፍተቱ አንድ ወገን ላይ ይቀራል፤ ወደ ኋላ አምጥተው ሲለቁት በሌላው ወገን። ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ ያንን ክፍተት መሙላት ካለበት፣ ሰከንዱ ግማሽ ዙር ወይም አንድ ሙሉ ዙር ሲሄድ የደቂቃ ቆጣሪው ባለበት ተቀምጦ ይጠብቃል። «በትክክል አሳርፌው ነበር፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ቀረ» የሚባለው ይህ ነው።

የትኛው ወገን ትክክል እንደሆነ በማሽኑ አሠራር ይወሰናል፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። የደቂቃ ቆጣሪው ቱቦ መሃል ባለው ጎማ ዘንግ ላይ በቀጥታ በተጠለቀባቸው የድሮ ማሽኖች ክፍተቱ ብዙም አይታወቅም። ኃይሉ ከጎን ዞሮ በሚደርስባቸው ላይ ግን ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ የራስዎን ሰዓት ሁለት ጊዜ ይፈትኑት፦

በመጀመሪያው ሙከራ ቆጣሪውን ከሚፈልጉት ጭረት 5 ደቂቃ ኋላ ያምጡትና ቀስ እያሉ ወደፊት ገፍተው ጭረቱ ላይ ያሳርፉ፤ መሙያውን ይግፉና ያስነሱት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሰከንዱ 12 ላይ ሲደርስ የደቂቃ ቆጣሪው የት እንዳለ ይዩ።

በሁለተኛው ሙከራ ጭረቱን 5 ደቂቃ አልፈው ወደ ኋላ እየመለሱ ያሳርፉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንዲሁ ይዩ።

ጭረቱ ላይ ልክ የተገኘው የእርስዎ ሰዓት ወገን ነው። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ወደፊት እየገፉ ማሳረፉን ይምረጡ፤ ለማሽኑ የሚቀለው እሱ ነው። ወደ ኋላ ሲመልሱ ግን ቀን በሚለወጥበት ሰዓት 12ን ወደ ኋላ አያሻግሩ።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። መሙያውን ወደ ውስጥ ሲገፉ ውስጥ ያለችው ተንሸራታች ጥርስ ቦታ ስትለውጥ ቆጣሪውን ትንሽ ትነካዋለች፤ ሲዘል በዓይን ይታያል። ሦስት ጊዜ አውጥተው አስገብተው ወዴት እንደሚዘል ያስተውሉ። ሁልጊዜ ሩብ ደቂቃ ወደፊት የሚዘል ከሆነ ሩብ ደቂቃ አስቀርተው ያሳርፉት። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሚል ከሆነ፣ ሲገፉ መሙያውን እንዳይዞር በሁለት ጣት ጠበቅ አድርገው ይያዙና ቀጥ አድርገው ይግፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘልለው የጣት መዞር ነው።

ስልኩ 3:42 ሆኖ ሰከንዱ ዜሮ ሲል ይግፉ። ጣት ሁልጊዜ ትንሽ ስለሚዘገይ ከ57፣ 58፣ 59 ጋር በአፍ እየቆጠሩ ቢሄዱ እጅዎ በራሱ ሰዓቱን ይይዛል።

ሰከንድ የማያቆም ከሆነ

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው፣ መሙያውን እስከ መጨረሻ አውጥተው በጣም በቀስታ ቆጣሪዎቹን ወደ ኋላ ወደሚያዞረው በኩል መጫን ነው። ቆጣሪው ሳይንቀሳቀስ ግፊቱ ብቻ ሲደርስ ሰከንዱ ይቆማል። 12 ላይ ሲደርስ ይያዙት፣ ስልኩ ዜሮ ሲል ይልቀቁት። ሰከንዱ ወደ ኋላ መሄድ ከጀመረ ከልክ በላይ ጫኑት ማለት ነው። ደቂቃ ሙሉ አንቀው አይቆዩ፤ ለ10 ወይም 15 ሰከንድ ያህል ብቻ። ሁሉም ማሽን እሺ አይልም፤ እምቢ ካለ አያስገድዱት።

ሁለተኛው ለትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ለሚሞላ ሰዓት ደግሞ የበለጠ ያማረ ነው። ሞላው አልቆ በራሱ እስኪቆም ይተውት። ሰከንዱ 23 ላይ ቆመ እንበል። የደቂቃ ቆጣሪውን ከ42ኛው ጭረት አለፍ አድርገው ከ43 በፊት፣ ከሁለቱ መሃል ለግማሽ ትንሽ በሚቀረው ቦታ ያሳርፉት፤ 23 ሰከንድ የደቂቃ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነውና። መሙያውን ይመልሱ፤ ስልኩ 3:42 ከ23 ሲል መሙላት ይጀምሩ። ጥቂት ዙር ሲሞላ ይነሳል። ሁለቱ ቆጣሪዎች ተስማምተው ይቀጥላሉ።

ለነዚህ ሁሉ ጊዜ የሌለው ሰው ሰከንዱን ትቶ የደቂቃ ቆጣሪውን ብቻ ከሰከንዱ ጋር ያስማማ፦ ሰከንዱ 12 ሲያልፍ ደቂቃው ጭረት ላይ ይሁን። ከስልኩ ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ ሰዓቱም ቢያንስ ለራሱ አይዋሽም።

ተስተካክሎ የማይቀመጥ ሲሆን

ከ12 ላይ ልክ ሆኖ 6 ላይ ሲደርስ ግማሽ ጭረት የሚያፈነግጥ ቆጣሪ ካለዎት፣ ፊቱ ወይም ቀዳዳው መሃሉን ስቷል። በመሙያ አይታረምም። በ12፣ በ3፣ በ6 እና በ9 ላይ አይተው ስሕተቱን ለሁለት የሚያካፍል ቦታ ይምረጡ።

ሰከንዱ ከስልኩ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ደቂቃው ብቻ ደቂቃዎች ከቀረ፣ ጥፋቱ ሌላ ነው። የደቂቃ ቆጣሪው የተቀመጠባት ትንሽ ቱቦ ዘንጓን ይዛ የምትዞረው በጥብቀቷ ብቻ ነው፤ ልል ከሆነች ዘንጉ ይዞራል፣ እሷ ትንሸራተታለች። ምልክቱ፣ ቆጣሪዎቹን ሲያዞሩ መሙያው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ሰዓት ሠሪው ቆጣሪዎቹንና ፊቱን አውርዶ ቱቦዋን በልኳ ጠበቅ ያደርጋታል። ሙጫ ጠብ ላድርግበት የሚልዎት ካለ ሰዓትዎን ተቀብለው ይሂዱ። በተቃራኒው መሙያው ሲዞር የሚከብድ ከሆነ ቱቦዋ ደርቃለች፤ ዘይት ትፈልጋለች፤ በጉልበት ከቀጠሉ ጥርስ ይበላል።

በየ65 ደቂቃ ተኩሉ አካባቢ የሚቆም ሰዓት ደግሞ የሚነግረው ነገር አለ። የሰዓቱና የደቂቃው ቆጣሪ አንዱ ባንዱ ላይ የሚያልፉት በዚህ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ እየተነካኩ ነው። በወረንጦ ራስዎ ቀና ለማድረግ አይሞክሩ፤ ወረንጦው ፊቱን ከጫረው ምልክቱ አይጠፋም።

ሰዓቱ በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ማግኔት ገብቶታል ብለው ይጠርጥሩ፤ ስፒከር ላይ፣ በማግኔት በሚዘጋ የስልክ ሽፋን ላይ ወይም ፍሪጅ በር ላይ ያደረ ሰዓት እንዲህ ይሆናል። ኮምፓስ አጠገቡ ሲያመጡ መርፌዋ በኃይል ከዞረች ጥርጣሬው ልክ ነው። ማግኔት የሚያወጣ መሣሪያ ያለው ሠሪ ጋ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የሳምንቱ ሒሳብ

ጤነኛ ሰዓትም በቀን ጥቂት ሰከንድ ይስታል። ለ7ኤስ26 ፋብሪካው የፈቀደው በቀን ከ40 ሰከንድ መቅደም እስከ 20 ሰከንድ መቅረት ነው። ሰዓትዎ በቀን 12 ሰከንድ ይቀድማል እንበል፤ በሳምንት 84 ሰከንድ ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት በልኩ ካስተካከሉት በሚቀጥለው ቅዳሜ ደቂቃ ተኩል ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ይቀድማል። ይልቁንም 42 ሰከንድ አስቀርተው ያስነሱት፦ ሰከንዱን 12 ላይ አቁመው፣ ደቂቃውን 3:42 ላይ አሳርፈው፣ ስልኩ 3:42 ከ42 ሰከንድ ሲል ይግፉ። ሳምንቱን ሙሉ ስሕተቱ ከ42 ሰከንድ አይበልጥም፤ ማክሰኞ ማታ አካባቢ ደግሞ ከስልኩ ጋር ፍጹም አንድ ይሆናል።

ሲያወልቁት የሚያስተኙበት መንገድም ይቆጠራል። ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ሲያድርና መሙያው ወደ ላይ ሆኖ በጎኑ ሲያድር አካሄዱ ይለያያል። ለሦስት ለሦስት ሌሊት ሁለቱንም ሞክረው በማስታወሻ ይጻፉ፤ ቀን የሚቀድመውን ሌሊት የሚያስቀርለት አቀማመጥ ካገኙ ነፃ ማስተካከያ አገኙ።

መሙያው በጥርስ የሚጠብቅ ከሆነ መጨረሻ ላይ ቀጥ አድርገው ተጭነው መጀመሪያ ትንሽ ወደ ግራ ያዙሩት፤ ጥርሱ ቦታው ላይ ሲወድቅ በጣት ይሰማል። ከዚያ ወደ ቀኝ ያጥብቁ። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ከከበደ ጥርሱ ተዛንፏል፤ ይፍቱና እንደገና ይጀምሩ።